ሥራ የፈታ እጅ
ከስትሮክ በኋላ ስለሚመለሰው እንቅስቃሴ የምርምር ታሪክ

በስትሮክ የተመታ ሰው፣ ጉዳቱ የደረሰው በአንጎሉ ቀኝ ክፍል እንደ ሆነ ግራ እጁ፣ በግራው ክፍል እንደ ሆነ ቀኝ እጁ አልታዘዝ ይለዋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ያልተመለሰ እንቅስቃሴ ከዚያ ወዲያ አይመለስም የሚለው አሳብ በሐኪሞች ዘንድ ለረጅም ዘመን ጸንቶ ኖሮአል። ነገር ግን የእጁ ሥራ መፍታት ሁሉ ከአንጎል መቁሰል የመጣ አይደለም፤ ከፊሉ ልማድ ነው። ይህ እንዴት እንደ ታወቀ ታሪኩን እንመልከት፤ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1895 እንግሊዛዊው ሊቅ ቻርልስ ሸሪንግተን ከአንድ ባልደረባው ጋር የጦጣን ክንድ ስሜት ወደ ኅብለ ሰረሰር የሚያደርሱትን ነርቮች ቆረጠ። እንቅስቃሴን የሚያዙት ነርቮች አልተነኩም፤ ሆኖም ጦጣው በዚያ ክንድ መጠቀሙን ተወ። ስለዚህ ስሜት ከሌለ በፈቃድ መንቀሳቀስ አይቻልም ተባለ፤ የሸሪንግተን ስም ገናና ስለ ነበረም አሳቡ ብዙ ጊዜ ቆየ።

በ1917 ኦግደንና ፍራንዝ የተባሉ ሁለት ሰዎች በአሜሪካ ከስትሮክ ጋር ይበልጥ የሚቀራረብ ሙከራ አደረጉ። እንቅስቃሴን የሚያዘውን የአንጎል ክፍል አጥፍተው ጦጣዎችን ሽባ አደረጉ። ደኅናው ክንዳቸው ታስሮ፣ ሽባው እየታሸ እንዲንቀሳቀስ የተገደዱት በጥቂት ሳምንት ውስጥ ዳኑ፤ እንዲሁ የተተዉት ግን አልዳኑም። መድኃኒቱ በእጅ ገብቶ ነበር ማለት ይቻላል፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ግን ዞር ብሎ ያየው የለም። በእኔ አስተያየት የዚህ ታሪክ አሳዛኙ ክፍል ይኸው ነው።

በኋላ ኤድዋርድ ታውብና ባልደረቦቹ የሸሪንግተንን ሙከራ ደገሙት። ደኅናው ክንድ ሲታሰር ጦጣው ስሜት በሌለው ክንዱ ምግቡን ማንሣት ጀመረ! ታውብም ምክንያቱን እንዲህ ሲል ገለጠ፦ እንስሳው ከቀዶ ጥገናው በኋላ ወዲያው ክንዱን ሲሞክረው አይሆንለትም፤ በሦስቱ እግሮቹ መኖርን ይለምዳል፤ ኋላ ኃይሉ ሲመለስ መሞከሩን ትቶታልና አያውቀውም። (በ1981 ፖሊስ በእንስሳት አያያዝ ክስ የታውብን ላቦራቶሪ በሜሪላንድ ወረረ። ፍርዱ በይግባኝ ቢሻርም ሥራው ለዓመታት ተቋረጠ፤ የጦጣዎቹም ሥቃይ የሚናቅ ነገር አይደለም።)

በ1993 ታውብ ስትሮክ ከመታቸው ከዓመት በላይ የሆናቸውን 9 ሰዎች መርምሮ ውጤቱን አሳተመ። ደኅና እጃቸው ለ14 ቀን ታስሮ የተለማመዱት 4ቱ ከቀሩት 5 እጅግ ተሻሉ። በ2006 የታተመው ታላቅ ጥናት ደግሞ 222 በሽተኞችን ይዞ ያንኑ አጸና፤ ጥቅሙም ዓመት ቆየ።

ይህ ሲሆን በአንጎል ውስጥ ምን ይደረጋል? በ1996 ራንዶልፍ ኑዶና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ እጅን የሚያዘው ስፍራ ቆስሎባቸው ሳይለማመዱ የቀሩ ጦጣዎች ከቁስሉ አጠገብ ያለውን ደኅና ስፍራ ጭምር አጡ። የተለማመዱት ግን አላጡም፤ እንዲያውም በአንዳንዶቹ የእጅ ስፍራ ክርንንና ትከሻን ያዝ ወደ ነበረው ተስፋፋ።

ሆኖም በ2006ቱ ጥናት የተቀበሉት አንጓቸውንና ጣቶቻቸውን በጥቂቱም ቢሆን ወደ ላይ ማንሣት የሚችሉትን ብቻ ነው፤ ፈጽሞ የማይንቀሳቀስ እጅ ያለው በሽተኛ በዚህ ቁጥር ውስጥ አልገባም።