የኖርዌይኛ ጥምር ቃል፦ አወቃቀሩ፣ የክፍለ ቃል ወሰኑና የድምፅ ጫናው

ኖርዌይኛ ለአዲስ ነገር ስም ሲያወጣ ብዙውን ጊዜ ነባር ቃላቱን ያጣምራል፤ ጥምሩም የቱንም ያህል ቢረዝም ያለ ክፍተት ይጻፋል። የዚህ መጣጥፍ ሙግት የሚከተለው ነው፦ ጥምር ቃሉን አንድ የሚያደርገው የድምፅ ጫና ነው፤ ትርጉሙን የሚጠብቅለት ግን በውስጡ ያለው ወሰን ነው። ማስረጃዎቹ ቡክሞል ከተባለው የጽሕፈት ደንብና ከኦስሎ አካባቢ አነጋገር የተወሰዱ ናቸው።

አወቃቀር

«ቪን» (ወይን) ተባዕታይ ስም ነው፤ «ግላስ» (ብርጭቆ) ደግሞ ገለልተኛ ጾታ አለው። ሁለቱ ሲጣመሩ የሚገኘው «ቪንግላስ» (የወይን ብርጭቆ) ጾታውን የሚወርሰው ከኋለኛው ነው፤ የአማርኛውን «ው» የሚተካው ምእላድም እዚያው መጨረሻ ላይ ይለጠፋል፦ «ቪንግላሰ»። በአማርኛም «ትምህርት ቤቶች» ስንል የብዙ ቁጥሩ ምእላድ የሚያርፈው በ«ቤት» ላይ ነው።

በክፍሎቹ መካከል አንዳንዴ አያያዥ ድምፅ ይገባል፤ ዋነኞቹ «ስ» እና «ኧ» ናቸው። «ቪንግላስ» አያያዥ የለውም። የመጀመሪያው ክፍል ራሱ ጥምር ሲሆን ግን ብዙውን ጊዜ «ስ» ብቅ ይላል፦ «ሮቪን» (ቀይ ወይን) ከ«ግላስ» ጋር «ሮቪንስግላስ» ይሆናል። ይህች «ስ» ትልቁ ወሰን የት እንዳለ ታመለክታለች፤ ቀዩ ወይኑ እንጂ ብርጭቆው አይደለም። ብርጭቆው ቀይ ከሆነ «ሮት ቪንግላስ» ተብሎ በሁለት ቃል ይነገራል።

ክፍለ ቃል

በነጠላ ቃል ውስጥ በሁለት አናባቢዎች መካከል ያለ አንድ ተነባቢ በመስመር መጨረሻ ሲከፈል ወደ ቀጣዩ ክፍለ ቃል ይሄዳል፦ «ሌ-ሰ» (ማንበብ)። በጥምር ቃል ግን ቅድሚያ የሚሰጠው ለቃላቱ ወሰን ነው። «ሁስ» (ቤት) እና «አይር» (ባለቤት) ሲጣመሩ «ሁስ-አይር» ተብሎ ይከፈላል፤ «ስ» ከቤቷ አትወጣም። አያያዥ ድምፅም ከፊተኛው ክፍል ጋር ይቀራል።

ወሰኑ በጽሕፈት ሲሸፈን አሻሚነት ይፈጠራል። «ግላስ» በላቲን ፊደል በሁለት «ስ» ያበቃል። ከ«ስኮል» (ጎድጓዳ ሳህን) ጋር ሲጣመር ሦስት «ስ» ይገናኛሉ፤ ደንቡ ግን ሁለቱን ብቻ ያስጽፋል። ስለዚህ «የብርጭቆ ሳህን» እና፣ ቢፈጠር፣ «የብርጭቆ ጎመን» («ኮል») በአንድ ዓይነት ፊደል ይጻፋሉ። ቃሉ በመስመር መጨረሻ ሲከፈል የተዋጠችው ሦስተኛ «ስ» ትመለሳለች፤ ብዥታውም ይጠራል።

ወሰኑ ለሁሉም ድምፅ ግንብ አይደለም። «ቮር» (ጸደይ) እና «ሱል» (ፀሐይ) ሲጣመሩ «ር» እና «ስ» ተዋሕደው ለ«ሽ» የቀረበ አንድ ድምፅ ይሆናሉ።

የድምፅ ጫና

ዋናው ጫና በፊተኛው ክፍል ላይ፣ ቀለል ያለው ደግሞ በኋለኛው ላይ ያርፋል። የሰዋስው ሥልጣን በስተኋላ፣ የድምፅ ሥልጣን በስተፊት ነው ማለት ይቻላል። ጫና ያረፈበት ክፍለ ቃል ወይ አናባቢው ይረዝማል፣ ወይ ተከታዩ ተነባቢ ይጠብቃል። «ታክ» አናባቢው ሲረዝም «ጣሪያ»፣ «ክ» ሲጠብቅ «አመሰግናለሁ» ነው። የጥምሩ ኋለኛ ክፍልም ጫናው ቢቀልም ይህን ርዝመት አያጣም።

ቃናም አለ። የምሥራቅ ኖርዌይኛ ሁለት የቃል ቃናዎችን ይለያል፤ «ቦነር» በአንደኛው ቃና «ገበሬዎች»፣ በሁለተኛው «ባቄላዎች» ማለት ነው። ጥምር ቃል ግን የሚይዘው አንድ ቃና ብቻ ነው፤ የትኛው እንደሚሆንም በአመዛኙ የሚወስነው ፊተኛው ክፍል ነው።

የጫናው ክብደት በ«ላመሎር» ይፈተናል። እንደ አንድ ቃል ፊተኛው ክፍል ተጭኖ ሲነገር «የበግ ጠቦት ጭን» ነው። ተለያይቶ «ላመ ሎር» ተብሎ ጫናው ወደ ኋለኛው ሲያልፍ «ሽባ ጭኖች» ይሆናል። ጥምር ቃልን ነጣጥሎ መጻፍ በኖርዌይ ትምህርት ቤቶች በጥብቅ የሚታረመውም ስለዚህ ነው፤ በወረቀት ላይ ያለው ክፍተት አንባቢውን ጫናውን እንዲያዛውር ያዝዘዋል።

መደምደሚያ

አወቃቀር፣ ክፍለ ቃልና ጫና ተነጣጥለው ሲጠኑ የጥምር ቃሉ ባሕርይ አይታይም። ጫናው ክፍሎቹን ያስተሳስራል፤ ወሰኑ ማን ከማን ጋር እንደተጣመረ ይነግራል። ስለዚህ ኖርዌይኛን የሚማር አማርኛ ተናጋሪ ረጅም ቃል ሲገጥመው በመጀመሪያ ዋናውን ወሰን ይፈልግ፤ ቀጥሎ ከኋለኛው ክፍል ተነሥቶ ትርጉሙን ይረዳ፤ ሲናገር ግን ጉልበቱን በፊተኛው ላይ ያሳርፍ።