ወይራ የታጠነ አሳ፦ ከማጥቀሻው ሳህን ሥር ያለው ታሪክ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ቡና እስኪፈላ አንብቡት።

«አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይላሉ አበው። እኔ ባለፈው እሁድ አሳ ስጎረጉር ያወጣሁት ታሪክ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአስር ዓመት በፊት ያስተማርኳቸው ልጆች አምቦ ላይ ተሰባስበው እኔ ቤት ሊመጡ ሆነ። «ልጆች» እላለሁ እንጂ ግማሾቹ አግብተው ወልደዋል። አስራ አምስት ይሆናሉ። ኦርቶዶክስ አለ፣ ሙስሊም አለ፣ ፕሮቴስታንት አለ። ምን ይቅረብ? በግ እንዳልል የመምህር ደመወዝ ታውቁታላችሁ። ቢታረድስ ማን ይባርከው? አንዱን ቡድን ሥጋ አብልቼ ሌላውን ሽሮ ላይ ላስቀምጠው? ለእንግዳ ተቀባይ ይሄ ቀላል ጥያቄ አይደለም። አገራችን ውስጥ ስንት ጓደኛሞች በሰርግ ቤት በሁለት ድንኳን ተለያይተው እንደሚበሉ እናውቃለን።

አሳ ግን ማን አረደው አይባልም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ሳህን ይበላዋል። ስለዚህ አሳ በወይራ ጢስ አጥኜ፣ አድቅቄ፣ በዳቦና በእንጀራ እየተጠቀሰ የሚበላ ማጥቀሻ ሠራሁ። በጾም አሳ አልበላም ለሚሉት ደግሞ ስልጆ አቀረብኩ። (አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ እንዳታነሱብኝ፤ እሱን ለአባቶች እንተወው።)

ሁለት ሰዎች የተናገሩት ነገር ነው ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ። አንዷ የቀድሞ ተማሪዬ ቀመሰችና «መምህር፣ ይጣፍጣል፤ ግን ይሄ የፈረንጅ ምግብ ነው አይደል?» አለችኝ። ሁለተኛው ጎረቤቴ ናቸው፣ አባታችን የምንላቸው ሽማግሌ። ሳህኑን ሳስጠጋላቸው በእጃቸው ገፋ አድርገው «ልጄ፣ እኔ ቁርጡሚ አልበላም» አሉ። ለምን እንደሆነ ሲነግሩን ቤቱ ጸጥ አለ። እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ለተማሪዬ ልመልስ። የፈረንጅ ነው ወይ?

ከጢሱ እንጀምር። እናቶቻችን የወተት ዕቃ አጥበው ሲጨርሱ ምን ያደርጉበታል? በወይራ ያጥኑታል። በእኛ አካባቢ ኤጀርሳ የምንለው ማለት ነው። የጠላ ጋን እንዲሁ በወይራ ይታጠናል። ኳንታውም ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ጢስ እየጠጣ ይደርቃል። ይሄ ለሽታ ብቻ አይደለም። ጢስ ውስጥ ተህዋስያንን የሚያዳክሙና ቅባት ቶሎ እንዳይበላሽ የሚያደርጉ ነገሮች አሉ። ጨው ውሃውን ይስባል፣ ሙቀቱ ያበስላል፣ ጢሱ ይጠብቃል። እናቶቻችን ኬሚስትሪ ሳይማሩ ማቀዝቀዣ የሌለበትን ቤት በጢስ አስተዳደሩት። በባሮ ወንዝ ዳር ያሉት አኙዋና ኑዌር ወገኖቻችንም አሳን በፀሐይና በጢስ ማቆየት ከጥንት ያውቁበታል። ወደ ጋና ብትሄዱ ደግሞ አክራ ዳርቻ ያለችው የቾርኮር መንደር በአሳ ማጠኛ ምድጃዋ ስሟ ተጠርቷል። ምድጃው በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) እዚያ አካባቢ የተሻሻለ ሲሆን ዛሬ በብዙ የአፍሪካ አገሮች «ቾርኮር» እየተባለ ይሠራበታል።

ማጥቀሱስ? አዋዜ፣ ዳጣ፣ ስናፍጭ፣ ስልጆ የምንበላ ሕዝብ ማጥቀስ ከማን እንማራለን? ግሪኮች እንኳ በትልቁ ጾም መግቢያ ሰኞ ከአሳ እንቁላል የተሠራ ማጥቀሻ በዳቦ ይበላሉ። ስለዚህ ጢሱም የእኛ፣ ማጥቀሱም የእኛ ነው። እንግዳ የሚመስለው አሳው ነው።

ለደጋው ሰው አሳ ለምን እንግዳ ሆነ? እዚህ ላይ ነው ዘንዶው የሚወጣው።

የኢትዮጵያ ደገኛ ገበሬ ሀብቱ በሬና ላም፣ ገብስና ጤፍ ነው። ወንዙም ሐይቁም ቢኖር አሳ የድሃ ወይም የሌላ ሰው ምግብ ተደርጎ ይታይ ነበር። ያ «ሌላ ሰው» ማነው ብላችሁ ብትጠይቁ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ነገደ ወይጦ ነው። ጣና ዳር የሚኖሩ፣ ከደንገል ታንኳ የሚሠሩ፣ አሳ የሚያጠምዱ፣ ድሮ ጉማሬ የሚያድኑ ሰዎች ናቸው። የጣናን ውሃና አሳ እንደነሱ የሚያውቅ አልነበረም። ታዲያ ምን ተደረጉ? ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው አራቋቸው። ሃይማኖታቸው እስልምና ሆኖ ሳለ የጉማሬ ሥጋ ይበላሉ ተብለው ሙስሊም ጎረቤቶቻቸውም አልተቀበሏቸውም። አብሮ መብላት፣ መጋባት ቀረ። የራሳቸው ቋንቋ እንደነበራቸው ይነገራል፤ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ቋንቋ ሲጠፋ አብሮት ስንት የአሳ ስም፣ ስንት የውሃ እውቀት እንደሚሄድ አስቡት።

እስቲ ይቺን ነገር ቆም ብላችሁ እዩልኝ። አሳ ክርስቲያንና ሙስሊም ሳይጠራጠሩ ከአንድ ሳህን የሚቋደሱት ምግብ ነው። ያን አሳ ከውሃ ያወጡት ሰዎች ግን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከማዕዱ ያራቃቸው ናቸው። እኔ ይሄን ለክፍል ሳስተምር ድምፄ የሚለወጠው ለዚህ ነው።

እውቀቱ ለሌሎች መጥቀሙ አልቀረም። በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል እስከ ጣና ዘልቆ አሳዎቹን ለዓለም ሳይንስ አስተዋወቀ። ሳይንሳዊ ስም ከሰጣቸው ውስጥ «በሶ» እና «ጎርጓሪ» የሚሉ አሉ። ለአማርኛ ጆሮ እንግዳ ናቸው? አይደሉም። የሩፔል ስም መጽሐፍ ላይ ቀረ፤ ያጠመደለት ሰው ስም ግን የለም።

ከዚያ ዘመናዊው ዘመን መጣ። እ.ኤ.አ. በ1986 በመንግሥት፣ በቤተ ክርስቲያን የልማት ክፍልና በኔዘርላንድ አጋሮች ፕሮጀክት የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ጣና ላይ ገባ። ለባህር ዳር ወጣቶች ሥራ፣ ለአዲስ አበባ ምግብ ቤቶች አሳ ተገኘ። አሳ ጉላሽ፣ አሳ ለብለብ፣ አሳ ዱለት የምንለው ነገር ከከተማ ምግብ ዝርዝር እንዳይጠፋ ይሄም አግዟል። ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። ጣና በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ 15 ያህል የነጭ አሳ ዝርያዎች አሉት። ብዙዎቹ እንቁላል ለመጣል በክረምት ወደ ወንዞች አፍ ይሰበሰባሉ። መረቡ እዚያው ጠበቃቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 የተደረጉ ልኬቶች ሲነጻጸሩ የነጭ አሳው ክብደት 75 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኘ። በአስር ዓመት ማለት ነው! ተማሪዎቼ አንደኛ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገብተው እኔ ቤት እስኪመለሱ ባለው ጊዜ።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ፤ ወደ ምዕራብ ሸዋ።

እኛ ጋ ውሃ ሞልቷል። ጉደር አለ፣ ሁሉቃ አለ፣ ከጊንጪ በላይ ደንዲ፣ ከአምቦ በስተደቡብ ወንጪ አለ። አምቦ ውሃማ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ አገር ያጠጣል። የአያቶቻችን ማዕድ ግን ቅቤ፣ እርጎ፣ ጨጨብሳ፣ አንጮቴ ነው እንጂ አሳ አልነበረም። ታዲያ እኔ እሁድ ያጠንኩት አሳ ከየት መጣ? ከፊንጫአ መስመር ነው፤ በሻምቡ መንገድ ወርዶ፣ በጌዶ በኩል አልፎ አምቦ ደረሰ።

ፊንጫአ ላይ ድሮ የነበረው የጮመን ረግረግ ነው። ዙሪያው የከብት መስክ፣ ከፍ ሲል እርሻ። እ.ኤ.አ. በ1973 (በእኛ 1965/66 ዓ.ም. መሆኑ ነው) ለኤሌክትሪክ ተብሎ ግድቡ ተሠራ። ጣቢያው ዛሬ 134 ሜጋ ዋት ማመንጨት የሚችል ነው። ውሃው ረግረጉንም መስኩንም እርሻውንም ሸፈነ። በሺህ የሚቆጠሩ አባወራዎች ከቀያቸው ተነሱ። ውሃው ከተኛ በኋላ አሳ ማጥመድ መጣ። ከብት ያረባ የነበረ ሰው ልጅ መረብ ጣይ ሆነ።

ጎረቤቴ አባታችን የተናገሩት ይሄን ነው። «እኔ በልጅነቴ ከብት ያገድኩበት መስክ ላይ ነው ያ አሳ የሚዋኘው። የአባቴ ጎጆ የት ጋ እንደነበረች ከዳር ቆሜ በጣቴ ላሳይህ እችላለሁ። መብራቱ ጥሩ ነው፤ አልጠላሁትም። አሳውን ግን እንዴት ብዬ ልብላው?»

አስራ አምስት ሰው ዝም አለ። ከመብራቱ ሥር ተቀምጠን ነው የምንሰማቸው። በፊንጫአ ውሃ የተሞላ ስልክ በየኪሳችን አለ። ግድብን ለፈተና ብዬ ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ! ዓመተ ምሕረቱን፣ ሜጋ ዋቱን፣ ወንዙን። ከሥሩ ያለውን መስክ አንድም ቀን በሰሌዳ ላይ ጽፌ አላውቅም። እሁድ ዕለት የተማርኩት እኔ ነኝ።

አባታችን አሳውን አልበሉም። አላስገደድናቸውም። አይቡን በሚጥሚጣ አሽተን ለብቻ ሰጠናቸው፤ ያን በሉ፣ መረቁን። ስለ ጮመን ሲያወሩ መሸ። ያቺ «የፈረንጅ ነው?» ያለችው ተማሪዬ ስልኳን አውጥታ ድምፃቸውን ስትቀርጽ አየኋት። አስፈቅዳ ነው፤ በዚህ ኮርቻለሁ።

እንግዲህ አሠራሩን የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። ለ15 ሰው እንዲህ ነው፦

አጥንቱ የወጣለት 1 ኪሎ ቆሮሶ። ካልተገኘ አምባዛም ይሆናል፤ እሱ ግን ቅባት ስላለው ትንሽ ቆየት ይበል። 1 ሊትር ውሃ ውስጥ 3 የሾርባ ማንኪያ ጨው አሟሙታችሁ አሳውን ለ30 ደቂቃ ንከሩት። አውጥታችሁ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት፤ ላዩ እስኪጠነክር ነፋስ ይምታው። እርጥብ አሳ ጢስ አይዝም፣ ይመርራል።

አሮጌ ብረት ድስት ፈልጉ፤ ባለቤታችሁ የማትቆጣበትን። ከታች አንድ እፍኝ የደረቀ የወይራ ስንጥር፣ ከላይ የሽቦ ፍርግርግ፣ ፍርግርጉ ላይ አሳው። ክዳኑን ግጠሙና ደጅ ላይ በከሰል ምድጃ ጣዱት። ቤት ውስጥ አይሞከርም! ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይበቃዋል። በሹካ ስትነኩት በቀላሉ ከተላጠና ውስጡ ጥሬ ካልመሰለ በስሏል።

ሲቀዘቅዝ የቀረ አጥንት እንዳለ በእጃችሁ እየፈተሻችሁ ፈርፍሩት። ግማሽ ኪሎ አይብ፣ ደቆ የተከተፈ 1 ቀይ ሽንኩርት፣ 2 ቃሪያ፣ 2 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ የ2 ሎሚ ጭማቂ፣ ሚጥሚጣ እንደ አቅማችሁ። ጨው መጨረሻ ላይ ቀምሳችሁ ነው፤ አሳው ጨው ጠጥቷል። አይብ ለማይበላ በአይቡ ፋንታ 3 የበሰለ አቮካዶ ፍጩበት። አብሲት ያልበዛበት እንጀራ ወይም ትኩስ ዳቦ ይቅረብ፤ ከጎኑ ቀዝቃዛ አምቦ ውሃ። በዚያው ቀን ብሉት፤ የተረፈው ማቀዝቀዣ ውስጥ ከሁለት ቀን አይለፍ።

ስታቀርቡት ታዲያ አንድ ነገር አደራ። ሳህኑን መሀል አድርጉት። አሳው ከየትኛው ውሃ እንደመጣ ጠይቁ። ውሃው ሥር የማን መስክ እንዳለ፣ መረቡን ማን እንደጣለው ጠይቁ። ታሪክ ማለት ነገሥታት ብቻ አይደለም ብዬ ክፍል ውስጥ ስጮህ የነበረው ይሄን ነው። አልበላም የሚል ሰው ካለም «ለምን?» ብላችሁ በአክብሮት ስሙት። ምናልባት ከአሳው ይልቅ የሚያጠግባችሁ መልሱ ይሆናል።

ጮመን አካባቢ ያደጉ፣ ወይም ጣና ዳር የተወለዱ ወላጆች ያሏችሁ፣ እስቲ ያወሩላችሁን ጻፉልኝ። ሰብስቤ ለ11ኛ ክፍል ልጆች ላነብላቸው ነው።

ሰላም ሁኑ። ነጋ ኑማ!