የኮሪያ የበሬ ሥጋ ታኮ
የኮሪያ ታኮ በኮሪያ ቅመም የተዘጋጀ ሥጋ በበቆሎ ቂጣ ተጠቅልሎ የሚበላበት ምግብ ነው። ዝናው የገነነው እ.ኤ.አ. በ2008 ሮይ ቾይና ባልደረቦቹ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ኮጊ የተባለውን ተሽከርካሪ ምግብ ቤት ሲጀምሩ ነው። የኮጊ ሥጋ የተጠበሰ ቢሆንም፣ ለቤት ግን ጋልቢጂም ከተባለው የኮሪያ የጎድን ወጥ የተወሰደው ዘዴ ይበልጥ ይስማማል። የጎድንና የትከሻ ሥጋ ጅማት ይበዛበታል፤ ጅማቱ ወደ ለስላሳ ጄላቲን የሚለወጠው በእርጥብ ሙቀት ለረጅም ጊዜ ሲበስል ነው። ቀቅሎ ማብሰል የጥብስን ጣዕም ያሳጣል የሚለው ስጋት መልስ አለው፦ ሥጋው አስቀድሞ በጋለ ድስት እስኪጠይም ይጠበሳል፤ ከዚያ የአኩሪ አተር ሶስ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ስኳርና ጥቂት ውኃ ተጨምሮበት፣ ተከድኖ ለዘብ ባለ እሳት 3 ሰዓት ያህል ይቆያል። በመጨረሻም ሥጋው ተበጣጥሶ በወፈረው መረቅ ይለወሳል፤ ኪምቺ የተባለው የኮሪያ የተብላላ ጎመንና ሎሚ ቅባቱን ያቀሉለታል።

ድብልቅ ስለሆነ እውነተኛ ምግብ አይደለም የሚለው ተቃውሞም ታሪክን ይዘነጋል። የኮሪያ ምግብ መለያ የሆነው በርበሬ ራሱ ወደ ኮሪያ የገባው ከአሜሪካ አህጉር ነው፤ የሜክሲኮው ታኮ አል ፓስቶርም ሥሩ የሊባኖስ ስደተኞች የሥጋ አጠባበስ ነው። ሥጋን በቅጠል ጠቅልሎ መጉረስ ደግሞ ለኮሪያውያን የቆየ ልማድ ነው። ስለዚህ ይህ ታኮ ሁለቱንም ባህሎች ያከብራል እንጂ አያዛባም።