አበበን ያዩት ሦስት እግሮች

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለች ጽሑፍ ይዤ መጥቻለሁ። ቡናው እስኪፈላ አንብቧት።

ስለ አበበ ቢቂላ እግሮች ያልተባለ ነገር የለም። ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ ቶኪዮ ላይ በጫማና በነጭ ካልሲ። እኔ ዛሬ የማወራው ግን ስለ ሌሎች እግሮች ነው፤ ካሜራ ተሸክመው ስለሚቆሙት ሦስት የትራይፖድ እግሮች። "የታሪክ መምህር ስለ ካሜራ ማቆሚያ ምን አገባው?" የሚል አይጠፋም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ታሪክ አስተምራለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሰርግና ምርቃት እቀርጻለሁ። የመምህር ደመወዝ ታውቁት የለ! ሁለቱን ሥራዎቼን የሚያገናኝ አንድ ቀን ደግሞ በታሪክ ውስጥ አለ።

ቀኑ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም ነው፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 21 ቀን 1964። ቦታው ቶኪዮ። አበበ ደረቱ ላይ 17 ቁጥር አድርጎ ተሰለፈ። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና ጥቂት ሳምንታት ነበር። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሮጦ ገባ። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊ ባሲል ሂትሊ የመጣው ከ4 ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው። አበበ የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ግን ፊቱንስ? ሲሮጥ የነበረውን ፊት እንዴት አወቅነው?

ያን ፊት ያቆየልን "ቶኪዮ ኦሊምፒያድ" የተባለው ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ኮን ኢቺካዋ ይባላል። ሥራው መጀመሪያ ለታላቁ አኪራ ኩሮሳዋ ታስቦ ነበር፤ እሱ ሲቀር ኢቺካዋ ተተካ። ከ100 በላይ ካሜራዎችና ከ150 በላይ ካሜራ ማኖች አሰማራ። ብዙዎቹ ካሜራዎች ላይ ረጃጅም ቴሌፎቶ ሌንሶች ተገጥመው ነበር። ማራቶኑ ጋ ሲደርስ ፊልሙ ቀስ ይላል። የአበበ ፊት ስክሪኑን ይሞላዋል። ላቡ ይንጠባጠባል፣ አገጩ አይነቃነቅም፣ ዓይኑ ወደ ሩቅ ያያል፤ ከኋላው ያለው ሕዝብ ደብዝዞ እንደ ቀለም ያልፋል። 42 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው ሳይሆን ብቻውን የሚያስብ ሰው ይመስላል።

እንዲህ ዓይነት ምስል በእጅ ተይዞ አይወጣም። መሬት ላይም ይሁን መኪና ላይ፣ ረጅም ሌንስ የሚያስረው ነገር ይፈልጋል። ለምን? እስኪ ሂሳቡን አብረን እንሥራ።

ተራ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ አለ እንበል። 1000 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከሱ ጋር ሲወዳደር 20 እጥፍ ያቀርባል። ሯጩን ብቻ አይደለም እኮ የሚያቀርበው፤ የእጃችሁንም መንቀጥቀጥ በ20 ያባዛዋል። በተለመደው 36 ሚሊ ሜትር ወርድ ባለው ፍሬም ላይ፣ 100 ሜትር ርቀት ላይ ሌንሱ የሚያየው ስፋት 3.6 ሜትር ብቻ ነው። ካሜራው 1 ዲግሪ ብትዞር ደግሞ፣ በዚያ ርቀት 1.75 ሜትር ያህል ትስታለች። የፍሬሙ ግማሽ ማለት ነው! 1 ዲግሪ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነች ለማወቅ በሰዓት ላይ እዩ፤ የደቂቃ ቆጣሪው በ10 ሰከንድ የሚሄዳት ናት። መተንፈስ ብቻ ይበቃታል።

ለዚህ ነው ሦስቱ እግሮች የመጡት። ለምን ሦስት ሆኑ ብትሉ፣ መልሱን እናቶቻችን ያውቁታል፤ ምጣድና ድስት የሚጣደው በሦስት ጉልቻ ነው። አራት እግር ያለው የክፍል ወንበር ወለሉ ትንሽ ከተበላሸ ይወዛወዛል፤ ከአንዱ እግር ሥር ወረቀት አጣጥፈን እንከታለን። ሦስት እግር ግን መሬቱ ምንም ቢወጣና ቢገባ ሦስቱም ይነካሉ። ትዳር መሠረተ ለማለት "ሦስት ጉልቻ መሠረተ" የምንለውም ያለ ነገር አይደለም።

ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. በ1839 ለዓለም ሲታወጅ ሦስቱ እግሮች አስቀድመው ነበሩ፤ መሬት ቀያሾች መሣሪያቸውን የሚያቆሙት በነሱ ነበር። የዚያን ጊዜ ካሜራ አንድ ምስል ለመያዝ ደቂቃዎች ይፈልግ ስለነበር ማቆሚያ ግዴታ ነው። የሚነሳው ሰው ራሱ እንዳይነቃነቅ ከማጅራቱ ብረት ያስደግፉት ነበር።

እኛ አገርም የትራይፖድ እግር ከጦር ጋር የገባበት ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1868 የጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የእንግሊዝ መሐንዲስ ጦር ፎቶግራፈሮች አብረው ነበሩ። መስታወቱን በኬሚካል ቀብተው፣ ሳይደርቅ አንስተው፣ ሳይደርቅ ማጠብ ነበረባቸው። ተራራውንና ምሽጉን አነሱ። የዓፄ ቴዎድሮስን ፊት ግን በሕይወት ሳሉ ያስቀረ የታወቀ ፎቶግራፍ የለም። ልጃቸውን ልዑል ዓለማየሁን በዚያው ዓመት እንግሊዝ አገር ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን አንስታዋለች። አስቡት፤ የልጁ የሐዘን ፊት አለን፣ የአባቱ ፊት የለንም። በዚያ ዘመን ካሜራ የሚያየው አጠገቡ ፈቅዶ የቆመለትን ነው። ሩቅ ማየት ገና አልቻለም።

ሩቅ ማየት የቻለው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። ለንደን ውስጥ ቶማስ ዳልማየር፣ ሙኒክ ውስጥ አዶልፍ ሽታይንሃይል፣ በርሊን ውስጥ አዶልፍ ሚቴ ሦስቱም በየፊናቸው ቴሌፎቶ ሌንስ ሠሩ። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ፊት ለፊት ብርሃን የሚሰበስቡ መስታወቶች፣ ከኋላ ደግሞ መልሰው በመጠኑ የሚበትኑ መስታወቶች ይደረጋሉ። በዚህ የተነሳ ሌንሱ ከቁመቱ በላይ የሆነ ሌንስ ሥራ ይሠራል።

መሣሪያ ግን ጌታውን አይመርጥም። አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም በፋሺስት እጅ ከወደቀች ሦስት ወር ሳይሞላ የበርሊን ኦሊምፒክ ተከፈተ። ለዚያ ውድድር ጀርመኖች "ኦሊምፒያ ዞናር" የተባለ 180 ሚሊ ሜትር ሌንስ አወጡ። ሜዳው ላይ ደግሞ ሌንሱ በጣም ከመርዘሙ የተነሳ "የቴሌቪዥን መድፍ" የተባለ ካሜራ ተተከለ። ረጅሙ ዓይን ለናዚ ትልቅነት ማሳያም አገለገለ።

በ1940ዎቹ አውስትራሊያዊው ኤሪክ ሚለር በፈሳሽ የሚሠራ የትራይፖድ ራስ አመጣ። ውስጡ ያለው ወፍራም ፈሳሽ እንቅስቃሴውን ስለሚገታው ካሜራው ሲዞር አይንገጫገጭም። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ሯጭ ለመከተል ግን ትልቅ ነገር ናት።

አሁን ወደ እጃችን እንምጣ። ከባድ ሌንስ ያላችሁ ወይም የምትከራዩ ልጆች ይህችን ያዙልኝ። ብዙ ሰው ካሜራውን ራሱን ትራይፖድ ላይ ያስርና ሌንሱ በአየር ላይ ይንጠለጠላል። ያኔ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ የትራይፖዱ ራስ ይወርዳል፣ ሌንሱና ካሜራው የተያያዙበት ቦታም ይጎዳል። ረጅም ሌንስ መሐሉ ላይ የራሱ ቀለበትና እግር አለው። መታሰር ያለበት በሱ ነው። ብሎኑን ከማጥበቃችሁ በፊት ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንሸራተታችሁ ሚዛኑን ፈልጉ፤ በአንድ እጅ ደግፋችሁ ስትለቁት የማያዘነብልበት ቦታ አለ። ከሦስቱ እግሮች አንዱን በሌንሱ አቅጣጫ ወደ ፊት አድርጉ። ወፍራሞቹን የላይኛዎቹን እግሮች መጀመሪያ ዘርጉ፣ ቀጫጭኖቹን መጨረሻ። የመሐሉን ምሰሶ አታውጡት፤ ምሰሶው ከወጣ ሦስት እግር መሆኑ ቀርቶ አንድ እግር ሆነ ማለት ነው። ነፋስ ካለ ቦርሳችሁን ከሥሩ አንጠልጥሉ። የቆመ ነገር ስታነሱ በጣታችሁ አትጫኑ፣ የ2 ሰከንድ ቆጣሪውን ተጠቀሙ። ሯጭ ስትከተሉ ደግሞ የጎን መዞሪያውን ላላ አድርጋችሁ እጃችሁን ሳይሆን ወገባችሁን አዙሩ። ከተቻለ ጠዋት አንሱ፤ ቀትር ላይ ከአስፋልት የሚነሳው ሙቀት ምስሉን እንደ ውሃ ያርገበግበዋል፣ ለሱ ትራይፖድም አያድንም።

ወደ ቶኪዮ ልመልሳችሁ፣ ምክንያቱም ዋናው ጭቅጭቅ እዚያ ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በማርች 1965 ለባለሥልጣናት ሲታይ ብዙዎቹ ተናደዱ። የኦሊምፒኩ ጉዳይ ኃላፊ የነበሩት ሚኒስትር ኢቺሮ ኮኖ፣ ጥበብ ሊሆን ይችላል እንጂ መዝገብ አይሆንም የሚል ወቀሳ አቀረቡ። እነሱ የፈለጉት አሸናፊዎቹን፣ ሰዓቶቹን፣ አዲሶቹን ስታዲየሞች ነበር። ኢቺካዋ ያመጣው ግን ፊት፣ ላብ፣ የተሸነፉ ሰዎች፣ ውሃ ጠረጴዛ ላይ የሚንገዳገዱ ሯጮች። ገና ነጻ ከወጣች 4 ዓመት የሆናትን ቻድን ወክሎ የመጣውን አህመድ ኢሳን፣ ሜዳሊያ ሳያገኝ፣ ብቻውን ሲበላ ሳይቀር አሳየ። ታዋቂዋ ተዋናይት ሂዴኮ ታካሚኔ በይፋ ተከራከረችለት። ፊልሙ ሲወጣ የጃፓን ሕዝብ ሲኒማ ቤቶችን አጥለቀለቀ።

ማን ልክ ነበር? እኔ ለሚኒስትሩም ትንሽ አዝንላቸዋለሁ። መዝገብ ያስፈልጋል፤ ቁጥር የሌለው ታሪክ ተረት ይሆናል። ግን ይህንን ቪዲዮ ክፍል ውስጥ ሳሳይ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዱ ልጅ "ቲቸር፣ ፈተና ላይ ይመጣል?" አለኝ፤ የተለመደው ጥያቄ ነው። አንዲት ዝምተኛ ተማሪዬ ግን "ቲቸር፣ ሰውዬው እያመመው እኮ ነው፤ ደብቆት ነው" አለች። ስለ ቀዶ ሕክምናው ገና አልነገርኳቸውም ነበር። ሰዓቱን ከመጽሐፍ ታገኘዋለች። ያቺን ነገር ግን ከየትኛው መጽሐፍ ታገኛታለች?

ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት በሰፈራችን አንድ ጋሼ አረፉ። በወጣትነታቸው ሯጭ ነበሩ፤ ሜዳሊያቸውንም አይቻለሁ። ለቅሶ ቤት የተሰቀለው ምስላቸው ከመታወቂያ ላይ ተወስዶ የተለቀ ጉርድ ፎቶ ነበር፤ ደብዝዟል፣ በማኅተሙ ግማሽ ጆሯቸው ተሸፍኗል። ልጃቸው "አባዬ ሲሮጥ የሚያሳይ አንድ እንኳ የለንም" አለችኝ። ስንት ዓመት የሮጠ ሰው! ሕዝብ ሲያጨበጭብላቸው ነበር፤ የሚያይ አልጠፋም። ቆሞ የሚያስቀር ነው የጠፋው።

ዛሬ ሁላችንም ኪስ ውስጥ ካሜራ አለ፣ ስለዚህ ችግሩ ያለፈ ይመስለናል። ግን የትምህርት ቤት ስፖርት ቀን የተቀረጹ ቪዲዮዎችን ክፈቱ። ሁሉም ከሩቅ ዙም አድርጎ፣ እየጮኸ፣ እየዘለለ ነው የቀረጸው። ማን እንደሮጠ አይለይም። ስም የለውም፣ ቀን የለውም። ከ50 ዓመት በኋላ ይህን የሚያይ የታሪክ ተማሪ ምን ይላል? ብዙ ምስል ነበራቸው፣ ፊት ግን አላስቀሩም ይላል።

የአበበን ፊት ጃፓኖች አስቀሩልን፤ እናመሰግናለን። የሰፈራችንን ሯጮች ግን ጃፓን መጥቶ አይቀርጽልንም።

ስለዚህ ዘንድሮ በትምህርት ቤታችን ስፖርት ቀን ሁለት ተማሪዎች አንድ ትራይፖድ ይዘው መጨረሻው መስመር ጋ ይቆማሉ። ትራይፖዷ የኔ ናት። አንዱ ይቀርጻል፣ አንዷ ደብተር ላይ ስም፣ ክፍል፣ ሰዓትና ቀን ትጽፋለች። ፊቱም ቁጥሩም አንድ ላይ እንዲቀመጥ። የመጨረሻ የሚገባውም ይቀረጻል፤ ይህቺን ከኢቺካዋ ተማርኳት።

እናንተም ቤታችሁ ያሉትን የድሮ ፎቶዎች ዛሬ አውጡና ከጀርባቸው የማን እንደሆኑ፣ የትና መቼ እንደተነሱ በእርሳስ ጻፉ። የሚያውቁት አባትና እናት በሕይወት እያሉ ጠይቁ። በየከተማችሁ የምታውቋቸው፣ ሮጠው ምስል ያልቀረላቸው ሰዎች ካሉም ኮሜንት ላይ ስማቸውን ጻፉልኝ። ቢያንስ ስማቸው እዚህ ይቁም።

ቸር ያሰንብተን።