ዋንጫውን ከንጉሡ እጅ ማን ይቀበል?

ሰቆጣ ላደገ ሰው «ጣሊያን» የሚለው ቃል ተራ የአገር ስም አይደለም። በልጅነታችን ሽማግሌዎች የደጃዝማች ኃይሉ ከበደን ነገር ሲያነሱ ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር። የዋግሹም ከበደ ልጅ ናቸው። በዋግና በላስታ ጠላትን ሲያስጨንቁ ቆይተው መስከረም 1930 ዓ.ም. ተይዘው ተገደሉ፤ አንገታቸውም ተቆርጦ ሕዝብ እንዲያየው ተሰቀለ። ይህን እየሰማ ያደገ ልጅ የጣሊያን ስም ሲጠራ ፊቱ ቢጠቁር አይፈረድበትም። እኔም እንደዚያ ነበርኩ።

ስለዚህ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያና እስከ ዛሬም ለመጨረሻ ጊዜ የአፍሪካ ዋንጫን ስትወስድ አምበሏ ሉቺያኖ ቫሳሎ እንደሚባል ያወቅኩ ቀን ተደናግጬ ነበር። ያውም ትምህርት ቤት አላስተማሩኝም፤ ከአንድ አሮጌ የስፖርት ጋዜጣ ነው ያገኘሁት። «ሉቺያኖ? ምን ዓይነት ኢትዮጵያዊ ነው?» አልኩ። የዛሬው ጽሑፌ ያንን ጥያቄዬን የሚመለከት ነው። ኋላ እንደተረዳሁት ጥያቄውን ከእኔ በፊት፣ ያውም ከእኔ በላይ ሥልጣን የነበራቸው ሰዎች ጠይቀውታል።

ሉቺያኖ ነሐሴ 9 ቀን 1927 ዓ.ም. አስመራ ተወለደ። አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር፣ እናቱ ኤርትራዊት ነበሩ። ልጁ ሁለት ወር ሳይሞላው የፋሺስት ጦር መረብን ተሻግሮ ገባ። አባት አላሳደገውም፤ ያሳደገችው እናቱ ናት። ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ፋሺስቶች በ1937 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጣሊያናዊ ወንድ ከአገሬው ሴት ጋር በትዳር መልክ እንዳይኖር ከለከሉ፤ በ1940 ደግሞ ከእንዲህ ያለ ግንኙነት የተወለደን ልጅ አባቱ ልጄ ብሎ እንዳይቀበል የሚያግድ ሕግ አወጡ። እነዚህ ልጆች በአባታቸው አገር ሕግ አባት የሌላቸው ሆኑ። በእናታቸው ሰፈር ደግሞ «የጣሊያን ዲቃላ» ተባሉ። ከሁለቱ ስድቦች የትኛው እንደሚከብድ የሚያውቀው የተሰደበው ነው።

ኳስ ግን አባትህ ማነው ብላ አትጠይቅም። ሉቺያኖ በአስመራ ሜዳዎች ተጫውቶ አደገ፤ በሙያው መካኒክ ነበር። ዛሬ «ፕሮፌሽናል» የምንለው ነገር ያኔ በአገራችን አልነበረም። ተጫዋቹ ቀን ይሠራል፣ ማታ ይለማመዳል፣ እሁድ ይጫወታል። በኋላ ለድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ ክለብ ተጫወተ። ፋብሪካው ሠራተኛም ቡድንም የሚያኖርበት ያ ዘመን በራሱ አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ ለሌላ ቀን ይቆየን።

ወደ ጥር 1954 ዓ.ም. እንሂድ። ኢትዮጵያ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከመሠረቱት አገሮች አንዷ ናት፤ በሜዳ ላይ ግን ግብፅ ታዋርዳት ነበር። በ1949 ካርቱም ላይ በፍጻሜው 4 ለ 0 ተሸነፍን፤ አራቱንም ያገባው አድ ዲባ የሚባል አንድ ሰው ነው። በ1951 ካይሮ ላይ ደግሞ እንደገና 4 ለ 0። በሁለት ጨዋታ ስምንት ለባዶ ማለት ነው። ሦስተኛው ውድድር አዲስ አበባ ሲዘጋጅ አራት ቡድኖች ቀረቡ፦ ኢትዮጵያ፣ ቱኒዚያ፣ ኡጋንዳና በዚያን ጊዜ የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክ እየተባለች የምትጠራው ግብፅ።

ጥር 6 ቀን ከቱኒዚያ ጋር በተደረገው ግማሽ ፍጻሜ ገና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ 2 ለ 0 ተመራን። ብዙ ቡድን እዚያ ላይ ያበቃለታል። ሉቺያኖ በፍጹም ቅጣት ምት አንዱን መለሰ፤ ጨዋታው 4 ለ 2 በሆነ የኢትዮጵያ ድል አለቀ።

ፍጻሜው ጥር 13 ቀን፣ የቃና ዘገሊላ ማግስት ነበር። ከተማው ከጥምቀት ገና አልተመለሰም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ንጉሠ ነገሥቱ ተቀምጠዋል። ግብፅ በ35ኛው ደቂቃ በባዳዊ አማካይነት አገባች። ግርማ ተክሌ በ74ኛው አቻ አደረገ። ሕዝቡ ጮኾ ሳይበቃው፣ በቀጣዩ ደቂቃ ያው ባዳዊ እንደገና አገባ። ስድስት ደቂቃ ሲቀር ሉቺያኖ አገባና 2 ለ 2 ሆነ። ያ ጎል ባይኖር የሚተረክ ታሪክ አይኖርም ነበር። በተጨማሪው ሰዓት ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አስቆጠሩ። 4 ለ 2።

የወንድምየው ስም ላይ ቆም በሉ። ኢታሎ። ኢትዮጵያን ከግብፅ በላይ ያደረጋት ጎል ባለቤት ስሙ ራሱ «ጣሊያን» ማለት ነው። የዋግ ልጅ ይህን ሲሰማ መሳቅም ማልቀስም ያምረዋል።

አሁን ወደ ጥያቄው። ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ የሚቀበለው አምበሉ ነው። ሲነገር እንደኖረው፣ ያንን ክብር ጣሊያናዊ ስም ያለው ክልስ እንዲወስድ ያልፈለጉ ባለሥልጣናት ነበሩ። ጉዳዩን የቆረጡት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው፤ አምበሉ እሱ ነው፣ ሌላ ሰው አይወጣም አሉ። ሉቺያኖ ወጣ፤ ዋንጫውንም ከንጉሡ እጅ ተቀበለ። ፎቶግራፉ እስከ ዛሬ አለ።

እዚህ ላይ ለባለሥልጣናቱ ጭምር መፍረድ እወዳለሁ። ጠላት ከአገር ከወጣ ገና ሃያ ዓመት ነው። በዚያ ስታዲየም የተቀመጠ ስንት ሰው ወንድሙን ወይም አባቱን በፋሺስት አጥቷል። ቁስላቸው እውነተኛ ነው። ያጠፉት ቁስሉን የጫኑበትን ሰው በመምረጥ ነው። ሉቺያኖ ቅኝ ገዢ አልነበረም፤ ቅኝ ገዢው ወልዶ የጣለው ልጅ ነበር። ደጃዝማች ኃይሉን የገደለው ሥርዓት እሱንም ገና በእንብርክኩ ሳለ ክዶታል። ይህን ለመረዳት እኔ ራሴ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ከዚያ ፍጻሜ አሥር ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ኤርትራ ተቀላቀለች። ቀጥሎ የመጣውን ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬ በየማኅበራዊ ሚዲያው ያንን ቡድን «የእኛ ነው» «የእናንተ አይደለም» እያሉ የኤርትራ ተወላጆችን ቁጥር የሚቆጥሩ አሉ፤ ከዚህም ከዚያም ወገን። እኔ ይህ ቆጠራ አይጥመኝም። የሜዳውን ሥራ የሠሩት አብረው ነው። ግርማ ባያገባ የሉቺያኖ ጎል አቻ አታደርግም ነበር፤ ሉቺያኖ ባያገባ የመንግሥቱ ጎል አትመጣም ነበር።

ነገሩን ከሩቅ አገር ጋር ላነጻጽረው። ራግቢ ሊግ የሚባል ጨዋታ አለ፤ በእያንዳንዱ ወገን አሥራ ሦስት ሰው የሚሰለፍበት፣ ሰው ከሰው የሚላተምበት። እዚያ ተጫዋቹ በወላጆቹ ወይም በአያቶቹ አገር ስም መሰለፍ ይችላል። ጄሰን ታውማሎሎ ኒውዚላንድ ተወልዶ ለኒውዚላንድ ሲጫወት የነበረ፣ በክለቡም የአሥር ዓመት ውል የፈረመ ኮከብ ነው። በ2017 የዓለም ዋንጫ ዋዜማ ግን ለወላጆቹ አገር ለትንሿ ቶንጋ እጫወታለሁ አለ። በዚያው ውድድር ቶንጋ ኒውዚላንድን 28 ለ 22 አሸነፈች። የቶንጋ ሰዎች ማንነቱን አልመረመሩም፤ ዘመሩለት። የእኛው ሰው ግን ምርጫም አልነበረውም። አባቱ አገር አያውቀውም፤ የተጫወተላት አገር ደግሞ ስሙን ትጠረጥራለች። ከዚያ በኋላም ተጫወተ፤ በ1968 (እንደ አውሮፓውያን) አዲስ አበባና አስመራ ባዘጋጁት ዋንጫ ላይ ነበረ። ያን ጊዜ አራተኛ ወጣን።

ከተጫዋችነት በኋላ አሠልጣኝ ሆነ። በደርግ ዘመን፣ በ1970 ዓ.ም. በጅቡቲ በኩል ሸሽቶ ጣሊያን ገባ። ዕጣውን ተመልከቱ፤ የተጠጋው የካደው አባቱ አገር ነው። ሮም አጠገብ ኦስቲያ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ወደ ድሮ ሙያው ተመለሰ፤ መኪና ይጠግን፣ ልጆችም ኳስ ያስተምር ነበር። ጋራዡ የመጣ ሮማዊ ደንበኛ ፊቱ ጥቁር ዘይት የነካው መካኒክ የአፍሪካ ሻምፒዮን አምበል መሆኑን ከየት ያውቃል? የሕይወት ታሪኩንም ጽፏል፤ ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «እማማ፣ ገንዘቡ ይኸውልሽ» እንደ ማለት ነው። የመጽሐፉን ስም ከእናቱ ጋር ነው ያሰረው፤ ዋንጫም አገርም አላለም።

ከእሱ ወዲህ እውነተኛ ፕሮፌሽናሎች አግኝተናል። ሳላዲን ሰዒድ በግብፅ፣ በቤልጂየምና በአልጄሪያ ተጫውቷል። ፍቅሩ ተፈራ ከደቡብ አፍሪካ እስከ ቼክና ፊንላንድ ዞሮ፣ በ2014 በተጀመረው የሕንድ ሱፐር ሊግ የመጀመሪያዋን ጎል ያስቆጠረ ሰው ነው። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የመለሰን የ2013ቱ ቡድን ውስጥ ሳላዲን ነበረ። ዋንጫ ያነሳ ግን እስካሁን የለም።

ሉቺያኖ መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ ሮም ውስጥ አረፈ። አገሪቱ ያኔ በጦርነት ላይ ነበረች፤ እኛም ዋግ ውስጥ ያሉብንን ሬሳዎች እንቆጥር ስለነበር ዜናውን የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

ባለፈው ዓመት ከሰቆጣ ወጣ ብላ ባለችው ወለህ፣ በተፈናቃዮች መጠለያ በኩል ሳልፍ ልጆች በጨርቅ ኳስ ሲጫወቱ ቆሜ አየሁ። እንደ ልማዱ ስም ይከፋፈላሉ፤ አንዱ ሜሲ፣ አንዱ ሮናልዶ። ስም ያልደረሰውን አንዱን ትንሽ ልጅ «አንተ ሉቺያኖ ሁን» አልኩት።

«ማነው እሱ? ጣሊያን ነው?» አለኝ።

«አምበላችን ነበር» አልኩት። ትንሽ አሰበና እሺ ብሎ ገባ።