የጨዋታ ሕግ፤ ከቃል ወደ ጽሑፍ

በአሶሳ በርታኛ፣ ጉሙዝኛ፣ ሺናሽኛ፣ አማርኛና ሌሎችም ቋንቋዎች ይሰማሉ። በአዲስ አበባ የታተመ አንድ አዲስ ጨዋታ እዚያ ቢደርስ፣ ሕጉን ለተጫዋቾች የሚያስረዳው ደራሲው ሳይሆን በሣጥኑ ውስጥ የተላከው ወረቀት ነው። ወረቀቱ ካልበቃ ጨዋታው የለም። ይህ ችግር መሐንዲስ ከሥራ ንድፉ ጋር ዘወትር የሚጋፈጠው ነው።

አገራችን የጨዋታ ሕግ ድሃ ሆና አታውቅም። በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ዘንድ የተወደደው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ «ወረራ» የተባለ መክፈቻ ነበረው፤ ይኸውም ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ ሠራዊታቸውን በየፊናቸው የሚያሰልፉበት ነው። ተራ የሚጀመረው የመጀመሪያው ምርኮ ከተያዘ በኋላ ብቻ ነው። የገበጣም ሕግ ከአገር አገር ይለያያል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ዕውቀት ይተላለፍ የነበረው በአመዛኙ በቃል ነው። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስት ስለ ሁለቱም ጨዋታዎች ሰፊ ጥናት ያሳተሙት በ1971 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የቀድሞው ሰንጠረዥ ቦታውን ለዓለም አቀፉ ቼዝ እየለቀቀ ነበር።

በሌላው ዓለም ሕግን የማሳተም ልማድ ቀድሞ ተጀምሯል። በ1824 እ.ኤ.አ. የፕሩሲያው መኮንን ፎን ራይስቪትስ አባቱ የጀመረውን የጦር ጨዋታ አሻሽሎ ሕጉን አሳተመ። በዚህ ጨዋታ የውጊያውን ዕድል ዳይ ይወስናል፤ በተጫዋቾች መካከልም ዳኛ ይቀመጣል።

ዳኛውና ዳዩ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው በአሜሪካ አዲስ ሥራ አገኙ። ዴቭ አርነሰን ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያንዳንዱ ተጫዋች ሠራዊት ሳይሆን አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ የሚንቀሳቀስበትን ጨዋታ ያካሂድ ነበር። ሕጉ ግን በአብዛኛው በማስታወሻውና በአእምሮው ውስጥ ነበር። ጋሪ ጋይጋክስ ይህንኑ አስፋፍቶ በጽሑፍ አቀናጀ። በ1973 እ.ኤ.አ. ከዶን ኬይ ጋር የራሱን ድርጅት አቋቋመ፤ በ1974 መጀመሪያም «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» በሦስት ትንንሽ መጻሕፍት፣ በ1,000 ቅጂ ታተመ።

ቅጂው ቢሸጥም ሕጉ የተሟላ አልነበረም። የጦር ጨዋታ የለመደ ሰው ጉድለቱን ከልምዱ ይሞላዋል፤ ጀማሪው ግን ግራ ይጋባል። ስለዚህም ኤሪክ ሆምስ የተባለ ሐኪም ለጀማሪዎች እንዲስማማ አድርጎ አዘጋጀውና በ1977 እ.ኤ.አ. ወጣ። ጨዋታው በብዙ ሰው እጅ የገባው ፈጣሪዎቹን ያላየ አንባቢ ታስቦ ሲጻፍ ነው።

ጽሑፍ ሌላም ጥያቄ አስነሣ። አርነሰን በኋላ በወጡት መጻሕፍት ድርሻው ተዘነጋ በማለት በ1979 እ.ኤ.አ. ክስ መሠረተ፤ ጉዳዩም በ1981 በስምምነት አለቀ። ሐሳቡን የፈጠረውና ሐሳቡን ለሌላው እንዲገባ አድርጎ የጻፈው፣ ሁለቱም ሠርተዋል፤ የሁለቱም ስም ሊጻፍ ይገባ ነበር።

ዛሬ በአገራችን አዲስ ጨዋታ ለመንደፍ የሚነሣ ባለሙያ ከዚህ ታሪክ የሚያገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ረቂቁን በወዳጆቹ መካከል ተቀምጦ መፈተን አይበቃውም፤ ስሕተቱን ሁሉ ራሱ እየተናገረ ያርመዋልና። ረቂቁን ወደ አሶሳ ይላክ፤ በቦታው ቋንቋም ይተርጎም፤ እርሱ ግን አይሂድ። ተጫዋቾቹ ያለ እርሱ ጀምረው ያለ እርሱ ከጨረሱ፣ ሕጉ ተጽፏል ማለት ነው።