ያረገዘች ውሻ ትረፍ ወይስ ትሥራ? የ2,400 ዓመት ታሪክ



ስለ ላም እርግዝና ሲነሳ ሁላችንም ጆሮ እንሰጣለን። ስለ በግና ፍየልም እንዲሁ። ውሻ ስታረግዝ ግን «ራሷ ታውቅበታለች» ብለን እናልፋለን። ሌሊት ጅብ የምታባርረው፣ ከመንጋው ጋር የምትውለው፣ እንግዳ ሲመጣ የምትነግረን እሷ ናት እኮ። ያረገዘች ውሻ ምን ያህል ትሥራ፣ ምን ትብላ፣ የት ትውለድ የሚለው ጥያቄ ዛሬ የተነሳ አይደለም። የጥንት ሰዎች ጽፈውበታል። በደንብ ያወቁት ነገር አለ፤ ሳያውቁት ቀርተው ብዙ ሕይወት ያስከፈለም አለ። ሁለቱንም እንያቸው።

ውሻ ከሰው ጋር መኖር የጀመረችው ከብትና በግ ከመልመዳቸው በፊት ነው። ጀርመን አገር ቦን ከተማ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1914 አንድ መቃብር ተገኝቶ ነበር። ዕድሜው ወደ 14,000 ዓመት ይጠጋል። ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት ጋር ውሻም ተቀብሮበታል። ጥርሱን የመረመሩ ባለሙያዎች ውሻው ቡችላ ሳለ ክፉኛ ታሞ እንደነበርና ሰው ባያስታምመው ኖሮ እንደማይተርፍ ጽፈዋል። ውሻን መንከባከብ ከእርሻም ይቀድማል ማለት ነው።

ስለ እርጉዝ ውሻ በግልጽ ከጻፉት ጥንታውያን አንዱ የአቴናው ዜኖፎን ነው። ወታደርም ጸሐፊም ነበር። የኖረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛውና በ4ኛው መቶ ዓመት ነው። በስሙ የሚታወቀው የአደን መጽሐፍ የሚናገረው ስለ ጥንቸል አዳኝ ውሾች ነው። ምክሩ እንዲህ ነው፦ ሴቶቹን ለማስወለድ ስትፈልጉ ከሥራ አሳርፏቸው፤ ካረገዙ በኋላ ዘወትር ለአደን አታውጧቸው፤ አልፎ አልፎ ብቻ ይውጡ። ምክንያቱንም ጨምሯል፤ ውሻ ሥራ ስለምትወድ ራሷን ሳትቆጥብ ትሮጣለች፣ ጽንሱም ይጨነግፋል።

ይህን ልብ በሉ። ጨርሳችሁ እሰሯት አላለም፤ እንደ ወትሮው አሩጧትም አላለም። የዛሬ የእንስሳት ሐኪምም የሚለው ከዚህ አይርቅም። የውሻ እርግዝና 63 ቀን ገደማ፣ ማለትም ዘጠኝ ሳምንት ነው። ጤነኛ ከሆነች በስድስቱ ሳምንት እንደ ልቧ ብትንቀሳቀስ ምንም አይደል። በመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት ግን ሩቅ ግጦሽ ድረስ መሮጥ፣ አጥር መዝለልና ከሌላ ውሻ ጋር መጣላት አደጋ አለው። እርምጃ ይበቃታል። ከደጅ እስከ ማሳ ተከትላችሁ ብትመጣ ጡንቻዋን ለምጥ ያበረታላታል።

ሁለተኛው ሰው ሮማዊው ቫሮ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ37 ዓመት፣ ዕድሜው 80 ሲደርስ፣ የእርሻ መጽሐፍ ጻፈ። እረኛ ውሾችን የሚመለከት ክፍልም አለው። ያረገዘች ውሻ ከስንዴ ይልቅ የገብስ ዳቦ ትብላ ይላል፤ ወተቷ ይበዛል ብሎ ያምን ነበር። የምትወልድበት ቦታም ለስላሳ ነገር ይነጠፍበት፣ ቡችሎቹም ሁለት ወር ሳይሞላቸው ከእናታቸው አይለዩ ይላል። የሁለት ወሩ ምክር ዛሬም ይሠራል። ስለ ምግቧ ግን ዛሬ የምናውቀው ይበልጣል። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ጽንሱ ሆዷን ስለሚያጣብበው ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ ቶሎ ቶሎ አብሏት፤ ገብስ ብቻውን አይበቃም፣ የበሰለ ሥጋ ወይም እንቁላል ጣል አድርጉላት። የበሰለ አጥንት ግን ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋልና አትስጧት።

እስካሁን የጥንቶቹ አዋቂነት ነው። አሁን ወደ ስህተታቸው እንምጣ።

ታላቁ የግሪክ ፈላስፋ አርስቶትል ስለ እንስሳት በጻፈው መጽሐፍ እብድ ውሻ የነከሰው እንስሳ ሁሉ ያብዳል፣ ሰው ግን አያብድም ብሏል። ይህ ፈጽሞ ስህተት ነው። በዓለም ላይ ሰውን ከሚገድለው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚመጣው ከውሻ ነው። ለሰው መፍትሔ የመጣው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1885 ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በእብድ ውሻ ለተነከሰው የ9 ዓመት ልጅ ለዮሴፍ ማይስተር ክትባት አሰጠው፤ ልጁም ተረፈ። ቆይቶ ክትባቱ ለውሻ ራሷም ደረሰ።

በአገራችንም ታሪኩ ረጅም ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1903 በሽታው መነሳቱ ተመዝግቧል። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992፣ ከዚያም በ2003 ከቤት ውሾች የተዛመተው በሽታ በዌብ ሸለቆ ክትትል ይደረግባቸው ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች አብዛኞቹን ፈጅቷል። ቀይ ቀበሮ ደግሞ ከኢትዮጵያ በስተቀር የትም የለም።

ታዲያ ይህ ከእርጉዝ ውሻ ጋር ምን አገናኘው? ብዙ ያገናኘዋል። አንዲት ያልተከተበች እናት ስድስት ሰባት ቡችላ ወልዳ ጎረቤት ሁሉ ሲከፋፈላቸው፣ ቀበሌው ውስጥ ያልተከተቡ ውሾች በአንድ ጊዜ በዙ ማለት ነው። በሽታው እንዳይዛመት ቢያንስ ከመቶ ውሾች 70ው መከተብ አለባቸው። ስለዚህ ከማርገዟ በፊት አስከትቡ። አርግዛ ሳለ ዘመቻው ቢደርስም አትደብቋት፤ ማርገዟን ለባለሙያው ንገሩትና እሱ ይወስን።

የሆድ ትልም እንዲሁ ነው። ቡችሎች ገና በማህፀን ሳሉ ከእናታቸው ትል ይይዛቸዋል፤ ትሉ በእዳሪያቸው ወጥቶ ለሕፃናት ይተርፋል። ነገር ግን ለከብት የገዛችሁትን የትል ኪኒን በግምት አትስጧት፤ አንዳንዱ ጽንስ ይጎዳል። የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ጠይቁ።

ስትወልድ ልጆችን አርቁ። ለሰው የለመደች ውሻም ብትሆን ለቡችሎቿ ስትል ትናከሳለች። ከግማሽ ሰዓት በላይ አጥብቃ እያማጠች ቡችላ ካልወጣ ባለሙያ ጥሩ። ውሻ ማንንም ሰው ብትነክስ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ በዚያው ቀንም ጤና ጣቢያ ድረሱ። በሽታው አንዴ ምልክት ካሳየ መድኃኒት የለውም።

ዜኖፎንና ቫሮ ዕረፍቱንና ንጣፉን አስተምረውናል። እነሱ ያልነበራቸው ክትባት ደግሞ ዛሬ አለ። ደጃችሁ ያለችው ውሻ ሁለቱንም ታግኝ።